የብረት ድካምና ስሌቱ

ሽቦ መቍረጫ ያጣ የመርሳ ልጅ ሽቦውን ወዲያና ወዲህ ያጣጥፈዋል፤ በአንድ ጊዜ ሊበጥሰው ያልቻለው ብረት ከጥቂት ምልልስ በኋላ በእጁ ላይ ይሰበራል። ሊቃውንት ይህን የብረት ድካም ይሉታል። ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም ብዙ ሕይወት አጥፍቷል። (ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በ1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የመኪናው ዘንግ ተሰብሮ ሠረገሎቹ ተቃጠሉ፤ ከ50 የሚበልጡ መንገደኞችም አለቁ። በ1843 ስኮትላንዳዊው ራንኪን ስንጥቁ ከጥግ ጀምሮ ቀስ በቀስ እንደሚሰፋ አስረዳ። ጀርመናዊው አውጉስት ቨለር ደግሞ ዘንጎችን እስኪሰበሩ ድረስ እያሽከረከረ ሲፈትን ኖሮ፣ ብረትን የሚጥለው የጭነቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን የምልልሱ ስፋትና ብዛት መሆኑን አረጋገጠ።

ምልልሱ ስንት ነው? በቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ሥራው በ2015 የተጀመረውን፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን ሐዲድ እናስብ። ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንኰራኩሩ ከዳር እስከ ዳር 92 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል፣ በአንድ ጕዞ 135 ሺህ ጊዜ ያህል ይዞራል። በእያንዳንዱም ዙር የዘንጉ ገጽ አንድ ጊዜ ይለጠጣል፣ አንድ ጊዜ ይጨመቃል። የመርሳው ልጅ ሽቦ ከዚህ በምን ይለያል?

በ1954 ኮሜት የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በአየር ላይ ተበታተኑ። የሌላ ኮሜት አካል በፋርንቦሮ በውሃ ገንዳ ውስጥ ቢፈተን፣ ከቀደመው በረራው ጋር 3057 ምልልስ ሲሞላ ከመስኮት ጥግ ተቀደደ። መሐንዲሶቹ ያሰሉት ልክ ከጥጉ እውነተኛ ኀይል በብዙ ያነሰ ነበር።

ጥጉን ነጥሎ ለማስላት የሚያስችለው ዘዴ ብዙም አልዘገየም። በ1956 ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ አካልን በትናንሽ ክፍልፋዮች ከፋፍሎ ማስላትን ገለጹ፤ በ1960 ክላፍ ፋይናይት ኤለመንት ብሎ ሰየመው። ዛሬ ኮምፒዩተሩ ያማረ ባለቀለም ሥዕል ያወጣል፤ እኛ ግን በሥዕሉ ማማር አንታለልም። ለጠቅላላ ጥንካሬ የሚበቃ ሻካራ መረብ ለድካም አይበቃም። በተበየደ ብረት ላይ የምልልሱ ስፋት በእጥፍ ቢያድግ ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳልና፣ በጥጉ ላይ ያለች ትንሽ ስሕተት በዕድሜው ላይ ትልቅ ትሆናለች። ስለዚህ የጥጉ ክብነት በሞዴሉ ይጠበቃል፤ መረቡ በዚያ ይረቃል፤ ውጤቱ መንቀሳቀሱን እስኪያቆም ድረስ ደጋግሞ ይሰላል። ክብነቱ ተትቶ ጥጉ እንደ ቢላ ስለት ከተሳለ ግን መረቡ በረቀቀ ቍጥር መልሱ ይጨምራል እንጂ አይረጋም። በባቡር ዘንግ ላይ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረግበት ቦታ መንኰራኩሩ ዘንጉን ጨብጦ የሚያዝበት አንገት ነው።