ደመወዝና አሞሌ
የይፋግ ልጆች፣ ድሮ በቀን ሃያ የእንግሊዝኛ ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስሸመድዳችሁ ነበር። በሳምንቱ ሁሉም ይጠፋል። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

አንድ ቀን ግን «ሳላሪ» ላይ ቆምን። ቃሉ ጨው ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ይፋግ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደርና በጎጃም ነጋዴ ዘንድ ስሟ የገነነ ገበያ ነበረች፤ ከአፋር ምድር ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይሰራበት ነበር። እነሱ ደመወዝን በጨው ስም ጠሩት፣ የእኛ አያቶች በጨው ተገበያዩ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ ያን ቃል የረሳ ተማሪ አላጋጠመኝም።

ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ቃል ያጠረው ልጅ ፊዚክሱም ታሪኩም ይዘጋበታል። መምህር የሆናችሁ ልጆቼ፣ ቃሉን ከገበያችሁ ጀምሩት።