የብርና የአሜሪካ ዶላር የምንዛሪ ተመን ታሪክ

የብርና የአሜሪካ ዶላር የምንዛሪ ተመን አንድ ዶላር በስንት የኢትዮጵያ ብር እንደሚመነዘር የሚያሳይ ዋጋ ነው። የዛሬው ብር ሲመሠረት በ1937 ዓ.ም. አንድ ዶላር 2.48 ብር ገደማ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ከ100 ብር አልፏል። በመካከሉ ባለው ጊዜ ተመኑ በወርቅ ልክ፣ በመንግሥት ውሳኔ፣ በጨረታና በመጨረሻም በባንኮች ገበያ ተወስኗል። በዚህ መጣጥፍ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

«ብር» የሚለው ስም የመጣው ከማዕድኑ ነው። ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የሚባለው የኦስትሪያ ገንዘብ በሸዋና በሌሎች የኢትዮጵያ ክፍሎች ለረጅም ዘመን ይሠራበት ነበር፤ ለአነስተኛ ግብይት ደግሞ አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ የራሳቸውን ብር ቢያስቀርጹም ጠገራው ከገበያ አልወጣም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሊሬ፣ ከነጻነት በኋላ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአገሪቱ ተዘዋውረዋል።

ቋሚ ተመን (1937–1985)

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ አዲሱን ብር አወጣ። በእንግሊዝኛ ስሙ «የኢትዮጵያ ዶላር» ነበር። አንዱ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተለወጠ። ዋጋው በ5.52 ግሬን ንጹሕ ወርቅ ልክ ስለተወሰነ አንድ ብር 40 ሳንቲም ከሩብ የአሜሪካ ገንዘብ ያወጣ ነበር። ለመጀመሪያዎቹ የ50 ሳንቲም ገንዘቦች መቅረጫ የዋለውን የብር ማዕድን ያቀረበችውም አሜሪካ ነበረች።

በ1956 ዓ.ም. ተመኑ በጥቂቱ ተለውጦ አንድ ዶላር 2.50 ብር ሆነ። ከዚያ በኋላ ዶላር ራሱ ሁለት ጊዜ ከወርቅ አንጻር ዋጋው ዝቅ ተደረገ። ኢትዮጵያ ዶላርን ተከትላ ብርን ስላላወረደች፣ በ1964 ዓ.ም. አንድ ዶላር 2.30 ብር፣ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ 2.07 ብር ገደማ ሆነ። በዶላር ላይ ብር የጠነከረበት ዘመን ይህ ነበር።

ደርግ በ1969 ዓ.ም. አዲስ የወረቀት ገንዘብ ሲያወጣ «የኢትዮጵያ ዶላር» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ቀርቶ «ብር» ብቻ ሆነ፤ ተመኑ ግን በ2.07 ጸና። በአገር ውስጥ ዋጋ እየናረ ሲሄድ ይህ ተመን ለ20 ዓመታት ገደማ አለመነካቱ ክፍተት ፈጠረ። ቡና ላኪው ለአንድ ዶላር የሚያገኘው ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ብቻ ስለነበር በሕጋዊ መንገድ ለመላክ የሚያበረታታው ነገር አነሰ፤ በጥቁር ገበያ ደግሞ ዶላር ከእጥፍ በላይ ይሸጥ ነበር።

ከጨረታ ወደ ባንኮች ገበያ (1985–2016)

የሽግግር መንግሥቱ መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ተመኑን ከ2.07 ወደ 5 ብር አወጣው። በዚያው ዓመት የውጭ ምንዛሪ ጨረታ ተጀመረ፤ በ1987 ዓ.ም. የመንግሥቱና የጨረታው ተመኖች አንድ ሆኑ። በ1994 ዓ.ም. ጨረታው ቀርቶ ባንኮች በየቀኑ እርስ በርስ የሚገበያዩበት ሥርዓት ተተካ። ሆኖም ብሔራዊ ባንክ ተመኑን በቅርብ ይቆጣጠር ስለነበር ብር በዝግታ ሲወርድ ቆይቶ በአንድ ቀን ዝቅ የተደረገባቸው ጊዜያትም ነበሩ፤ ከእነዚህም መካከል፦

• ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም.፦ ከ13.63 ወደ 16.35 ብር ገደማ
• ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም.፦ ከ23.4 ወደ 26.9 ብር ገደማ

በገበያ የሚወሰን ተመን (ከ2016 ጀምሮ)

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024) ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ከደንበኞቻቸው ጋር በነጻነት እየተደራደሩ እንዲመነዝሩ ፈቀደ። በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በአራት ዓመት የሚለቀቅ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብድር አጸደቀ። 57.5 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 74.7 ብር ወጣ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ።

የመቶኛ አሰላል

የአንድ ለውጥ መቶኛ ከየትኛው ገንዘብ አንጻር እንደተሰላ ይለያያል። በ1985 ዓ.ም. የዶላር ዋጋ በብር 142 በመቶ ያህል ጨመረ። ያው ለውጥ ከብር አንጻር ሲታይ ብር ከዋጋው 59 በመቶ ያህል አጣ ማለት ነው። የ2002ቱ ለውጥም በአንዱ ስሌት 20፣ በሌላው 16.7 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሁለቱም አሃዞች ትክክል ናቸው።

በኑሮ ላይ ያለው ተጽዕኖ

ተመኑ የሚነካው ዶላር የያዘውን ብቻ አይደለም። ከውጭ ዘመድ የሚልክለት ሰው 100 ዶላር ሲመነዝር በ2.07 ተመን 207 ብር፣ በ5 ተመን 500 ብር፣ በ74.7 ተመን 7,470 ብር ይቀበላል፤ ትርፉ ግን የሚለካው በዚያ ብር በሚገዛው ዕቃ ነው።

በገጠር ጉዳዩ በሁለት በኩል ይመጣል። በመንዝና በግሼ ደጋ ገብስ የሚያመርትና በግ የሚያረባ ገበሬ፣ ወይም በመርሐቤቴ ጤፍ የሚዘራ፣ ምርቱን የሚሸጠው በአብዛኛው ለአገር ውስጥ ገበያ ነው። ማዳበሪያ፣ ነዳጅና መድኃኒት ግን በዶላር ተገዝተው ስለሚገቡ ብር ሲወርድ ዋጋቸው በብር ይንራል፤ መንግሥት ሲደጉም ልዩነቱ ወደ በጀት ይዞራል። በአንጻሩ በሰሜን ሸዋ ቆላማ ወረዳዎች የሚመረተው ማሾ ወደ ውጭ ስለሚላክ የብር መውረድ ለላኪው በዶላር ተጨማሪ ብር ያስገኛል። ከዚያ ለአምራቹ የሚደርሰው ገበሬው ምርቱን በሚሸጥበት ዋጋ ይወሰናል።