ከገጀራ እስከ ሞተር፦ የምንጣሮ ሥራ በጎንደር ደጋና በጣና ዳር

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዓል በተከበረ ቁጥር የማዳበሪያው፣ የምርጥ ዘሩና የእህል ግብይቱ ታሪክ በሰፊው ይነገራል። ስለ ምንጣሮ ግን ሲወራ እምብዛም አይሰማም። ይሁን እንጂ አጋሙ፣ ቀጋውና ግራዋው ሳይነሣ የታረሰ ማሳ፣ የተጠረገ ቦይ ወይም የተከፈተ መንገድ የለም። በአሁኑ ወቅት የሞተር መመንጠሪያ ለመግዛት ለሚያስብ ማኅበር ይህን ታሪክ ማስታወሱ ይጠቅመዋል ብለን እናምናለን።

አባቶቻችን ቁጥቋጦ የሚመነጥሩት በገጀራ፣ በመጥረቢያና በዶማ ነበር። እሾሃማውን በባላ ገፋ አድርጎ ከግርጌው መቁረጥ፣ ከዚያም ጉቶውን በዶማ መንቀል የተለመደ ነው። ሥራው ሲከብድ ደቦ ይጠራል፤ የተመነጠረው እሾህም ለአጥር ይውላል። መሣሪያው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከበስተጀርባው ቀጥቃጭ አለ። በጎንደር ዙሪያ በወለቃና በሌሎች መንደሮች ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ማረሻውንና ማጭዱን በመቀጥቀጥ ለገበሬው የሚያቀርቡ የታወቁ ባለሙያዎች ነበሩ። አብዛኞቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ከዚያም በ1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሙያተኛ ሲሄድ የሚስልና የሚጠግን እጅም አብሮ ይሄዳል። ይህ ነገር ወደ ሞተሩ ስንመጣ እንደገና ይገጥመናል።

በአካባቢያችን ማሽንና የሰው ጉልበት ጎን ለጎን የተፈተኑበት ትልቁ የምንጣሮ ዘመቻ በየብስ ላይ ሳይሆን በውኃ ላይ የተካሄደው ነው። መነሻው ከደቡብ አሜሪካ የሆነው እምቦጭ በአገራችን በቆቃ ሐይቅ ከታየ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። በጣና ሐይቅ ግን በስፋት የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ክፉኛ የተጠቃውም የመገጭ ወንዝ የሚገባበት የደምቢያ ዳርቻ ነው። ደምቢያ ያን ጊዜ በሰሜን ጎንደር ዞን ሥር ነበር፤ ዛሬ በማዕከላዊ ጎንደር ዞን ይገኛል። አረሙ የከብቱን ግጦሽና የዓሣ አጥማጁን መንገድ ዘጋ። ውኃው ሲሸሽ በእርጥበት የሚዘራውን መሬትም ሸፈነ።

ገበሬው ጭቃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። አልቅትም ቢልሃርዚያም እንደሚጠብቀው እያወቀ ነው የገባው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሰፊ የሕዝብ ዘመቻ ተደርጓል። ከዚያ በፊትም በአገር ውስጥ የተሠሩና በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ አዋጥተው የላኳቸው ማጨጃ ማሽኖች ወደ ሐይቁ ገብተው ነበር። ማሽኖቹ ጥልቅ ውኃ ላይ ጥሩ ይሠራሉ፤ ጥልቀት የሌለው ጭቃማ ዳርቻ ግን አያስገባቸውም። በብልሽትና በመለዋወጫ እጦት መቆማቸውም በየጊዜው ተዘግቧል።

በትከሻ የሚያዘው፣ ነጋዴው «ብሩሽ ከተር» የሚለው ማሽን ለእምቦጭ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ካለ ይቅርብህ እንለዋለን። እምቦጭ ከቁራጩም ዳግም ያቆጠቁጣል። መቆራረጥ ማለት ማባዛት ነው፤ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገልም አብሮ ያጠፋል። እምቦጭ ከነሥሩ ተነቅሎ ወደ ደረቅ መሬት መውጣት አለበት።

የዚህ ማሽን ቦታ ደጋው ነው። አመጣጡ የሚያስቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ፣ ሂውስተን ከተማ፣ ጆርጅ ባላስ የተባለ ሰው በመኪና ማጠቢያ ቤት ሲሽከረከር ያየውን የናይሎን ብሩሽ አስቦ፣ የፈንዲሻ ቆርቆሮ ላይ የናይሎን ክር አስሮ በሞተር አሽከረከረውና ሣር አጨደበት። በክር ፋንታ ብረት ምላጭ የሚገጠምላቸው ጠንካራዎቹ ለቁጥቋጦ የሚያገለግሉ ናቸው።

እንግዲህ ገዢው መጀመሪያ ማየት ያለበት ተክሉን ነው። ለሣር ክር ይበቃል። ለተጠላለፈ እሾህ ባለሦስት ጥርስ ምላጭ፣ ለጠነከረ ግንድ ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ክብ ምላጭ ያስፈልጋል። ከ25 እስከ 30 ሲሲ የሆነ ሞተር ለጓሮ ሣር ነው፤ ለአጋም ከ40 ሲሲ በላይ፣ የብስክሌት መሪ የመሰለ እጀታና በሁለቱም ትከሻ የሚታነገት ማንገቻ ያለው ይመረጣል።

ሻጩ የማይነግረን ነገር ከፍታው ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከ5 እጅ አንዱ ይቀንሳል፤ 2,800 ሜትር በሚያልፈው በደባርቅ ደግሞ ከሩብ በላይ ይጎድላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ኃይል አምኖ ትንሹን የገዛ ሰው ደጋ ላይ ማሽኑ ይለግምበታል። ካርቡሬተሩም ለቦታው ካልተስተካከለ ጭሱ ይበዛል፣ ቤንዚን ይፈጃል።

የደጋው ድንጋይም ሌላ ጣጣ ነው። ምላጩ ድንጋይ ሲነካ ይወረውራል፤ እጀታውንም ወደ ሠራተኛው ይመልሳል። የፊት መከለያ፣ ወፍራም ጫማና የ15 ሜትር ርቀት የግድ ናቸው። በደቦ ተጠጋግቶ መሥራት የለመደ ሰው ይህን ርቀት ለመጠበቅ እንደሚቸገር እናውቃለን። ጉዳዩ ግን የዓይንና የእግር ነው። በተዳፋት ላይ ደግሞ ሥሩ አፈሩን ስለሚይዝ ከላይ ብቻ መቁረጥ ይሻላል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም 985/2009 መሠረታዊ ማኅበራት በዩኒየን እንዲደራጁ በር ከፍተዋል። ለአንድ ገበሬ ውድ የሆነው ማሽን ለአንድ ቀበሌ ማኅበር ውድ ላይሆን ይችላል። ታዲያ 20 ማሽን ከየዓይነቱ ከመሰብሰብ አንድ ዓይነት መርጦ መለዋወጫውን በጋራ ማከማቸት፣ ቤንዚንና ዘይቱን በልክ የሚቀላቅሉ፣ ምላጭ የሚስሉ ሁለት ወጣቶችንም አስቀድሞ ማሠልጠን ይሻላል። ብዙዎቹ ሞተሮች ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ይፈልጋሉ፤ ይህ ልክ ማሽኑ በሚቀመጥበት መጋዘን በር ላይ በአማርኛ ተጽፎ ቢለጠፍ ወጪው አንድ ወረቀት ነው።