ከፍርስራሽና ከተረፈ ምርት የሚሠራ ዘላቂ የኮንክሪት ንጣፍ ብሎኬት፤ ለዛሪማና ለመሰል ታዳጊ ከተሞች

በሰሜን ጎንደር ዞን አዲአርቃይ ወረዳ የምትገኘው ዛሪማ፣ ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬ የሚያመራው መንገድ የሊማሊሞን ቁልቁለት ከወረደ በኋላ የሚያልፍባት ከተማ ናት። እንደ ዛሪማ ባሉ ታዳጊ ከተሞች የውስጥ ለውስጥ መንገድ በክረምት ከጭቃ፣ በበጋ ከአቧራ የሚላቀቀው በንጣፍ ነው። ለኮንክሪት ንጣፍ የሚያስፈልገው ሲሚንቶ ግን ረጅም ርቀት ተጓጉዞ የሚደርስ በመሆኑ፣ የከተማ አስተዳደሮች የነዋሪውን ጥያቄና ውሱን በጀታቸውን ማጣጣም ይጠበቅባቸዋል።

ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ የሕንጻ ፍርስራሽንና የፋብሪካ ተረፈ ምርትን መልሶ በመጠቀም የኮንክሪት ንጣፍ ብሎኬት ማምረት ነው። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ጥራቱ ካልተጠበቀ ብሎኬቱ ሁለት ክረምት ሳይሻገር ይፈረካከሳል። ይህም የሕዝብን ገንዘብ ለብክነት፣ ሥራውን ያከናወኑ ወጣቶችን ደግሞ ለኪሳራ ይዳርጋል።

በኢትዮጵያ የከተማ መንገድ ንጣፍ ሲነሳ በቅድሚያ የሚታወሰው ኮብልስቶን ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ በድሬዳዋ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው ይህ ሥራ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ በርካታ ወጣቶች የሥራ ዕድል ፈጥሯል። ኮብልስቶን ሲሚንቶ የማይፈልግ በመሆኑ፣ ጥሩ ባዛልት ድንጋይና የሠለጠነ ጠራቢ በቅርብ በሚገኝበት ቦታ ዛሬም ተመራጭ ነው። የኮንክሪት ብሎኬት የሚመረጠው ለእግረኛ መንገድ፣ ለገበያ ቦታ፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ተቋም ግቢ እንዲሁም አካል ጉዳተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱባቸው ስፍራዎች ነው፤ ገጹ ለጥ ያለና ወጥ ነውና።

መልሰው ጥቅም ላይ ከሚውሉት ቁሳቁሶች ቀዳሚው የኮንክሪት ፍርስራሽ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጉዳት የደረሰባቸው የአማራ ክልል ተቋማት መልሰው ሲገነቡም ሆነ በከተሞች አሮጌ ሕንጻዎች ሲፈርሱ ይህ ቁሳቁስ ይገኛል። ፍርስራሹ ከብረት፣ ከእንጨት፣ ከጀሶና ከአፈር ተለይቶ ከተፈጨ በኋላ፣ እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ጠጠር ቢተካ በጥንካሬ ላይ የሚያስከትለው ቅናሽ አነስተኛ ነው። ነገር ግን አሮጌ ኮንክሪት ውሃ የመምጠጥ ባሕርይ ስላለው ከመቦካቱ በፊት መርጠብ አለበት። ይህ ካልተደረገ ለሲሚንቶው የተመደበውን ውሃ ይወስደዋል።

ሁለተኛው የሸንኮራ አገዳ ገለባ ተቃጥሎ የሚቀረው አመድ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ አመድ ላይ የተካሄደ ጥናት እስከ 10 በመቶ የሚደርሰውን ሲሚንቶ በአመዱ መተካት የኮንክሪቱን ጥንካሬ እንደማይጎዳ አሳይቷል። ሆኖም አመድን ከወንጂ እስከ ዛሪማ ማጓጓዝ አዋጪ አይደለም። በአማራ ክልል ከጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ ሊገኝ የሚችለው አመድ የተሻለ ቅርበት ቢኖረውም፣ የትራንስፖርት ወጪው ከሚተካው ሲሚንቶ ዋጋ ጋር አስቀድሞ መነጻጸር ይኖርበታል።

ሦስተኛው የጠርሙስ ስባሪ ነው። ስባሪው እንደ ሲሚንቶ ልሞ ከተፈጨ የሲሚንቶን ከፊል ድርሻ ሊተካ ይችላል። በደንብ ሳይፈጭ እንደ ጠጠር ከተጨመረ ግን በሲሚንቶው ውስጥ ካለው አልካሊ ጋር ተዋሕዶ ያብጣል፤ ብሎኬቱንም ከዓመታት በኋላ ይሰነጥቀዋል።

ፕላስቲክን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተከትክቶ በኮንክሪት ውስጥ የሚጨመር ፕላስቲክ ከሲሚንቶ ጋር ስለማይያያዝ ጥንካሬን ይቀንሳል፤ በመሆኑም በአነስተኛ መጠንና ለእግረኛ መንገድ ብቻ መወሰን አለበት። ፕላስቲክን አቅልጦ ከአሸዋ ጋር በማዋሐድ የሚሠራው ንጣፍ ደግሞ ሲሚንቶ የሌለበት የተለየ ምርት ነው። ሜዳ ላይ በበርሜል የሚደረግ ማቅለጥ ለሠራተኛውና ለአካባቢው ነዋሪ ጤና አደገኛ ጭስ ያወጣል። በአዲስ አበባ ኩቢክ የተባለው ኩባንያ የፕላስቲክ ቆሻሻን ወደ ግንባታ ቁሳቁስ መለወጡ፣ ሥራው በፋብሪካ ደረጃ ሊከናወን እንደሚችል ያሳያል።

ቆሻሻን መልሶ የመጠቀም ጉዳይ ከወጪ ቁጠባም ያለፈ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የተከመረው ቆሻሻ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የግንባታ ፍርስራሽን የሚመለከት ድንጋጌ የያዘ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው አዋጅ ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ከልክሏል።

ወደ አመራረቱ ስንመለስ፣ ለንጣፍ ብሎኬት የሚያገለግለው ጠጠር ከ10 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ሊሆን ይገባል። የወንዝ አሸዋ የደለል መጠኑ ከ6 በመቶ ከበለጠ መታጠብ ወይም መተው አለበት። ለአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 400 ኪሎ ግራም ያህል ሲሚንቶ ይመደባል፤ የውሃው ክብደት ከሲሚንቶው ክብደት ከ35 እስከ 40 በመቶ ይሆናል። ድብልቁ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ፣ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ ደረቅ ቡኮ ነው። ሥራን ለማቅለል ሲባል ውሃ መጨመር ለጥራት መጓደል ዋነኛው ምክንያት ነው። ድብልቁ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ በሚያንቀጠቅጥና በሚጫን ማሽን መጠቅጠቅ ይኖርበታል።

ብሎኬቱ ከቅርጽ ማውጫው ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሳይደርቅ መቆየት አለበት። በዚህ ረገድ የሰሜን ጎንደር የአየር ጠባይ ልዩ ትኩረት ይሻል። ቆላማ በሆነው የዛሪማ አካባቢ ሙቀቱ ውሃውን ቶሎ ስለሚያተነው ምርቱ ማለዳ ላይ ተመርቶ በጥላ ሥር መቀመጥ፣ በእርጥብ ጆንያ ወይም በላስቲክ መሸፈንና በየዕለቱ ውሃ መጠጣት አለበት። በደጋማው ደባርቅ ደግሞ የሌሊቱ ቅዝቃዜ የሲሚንቶውን መጠንከር ስለሚያዘገየው ብሎኬቱን ሸፍኖ ተጨማሪ ቀናት ማቆየት ያስፈልጋል። በሁለቱም ቦታዎች የመጨረሻው የጥንካሬ ፍተሻ የሚደረገው በ28ኛው ቀን ነው።

ለፍተሻው ዓለም አቀፍ መነሻዎች አሉ። የአሜሪካ መስፈርት የንጣፍ ብሎኬት አማካይ የመጨመቅ ጥንካሬ 55 ሜጋ ፓስካል፣ አማካይ ውሃ የመምጠጥ መጠኑም ከ5 በመቶ ያልበለጠ እንዲሆን ያዛል። የአውሮፓ መስፈርት ደግሞ ብሎኬቱ ሲሰነጠቅ የሚያሳየው ጥንካሬ 3 ነጥብ 6 ሜጋ ፓስካል እንዲሆን ይጠይቃል። ውፍረትን በተመለከተ ለእግረኛ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ለተሽከርካሪ 8 ሴንቲ ሜትር የተለመደ ነው። ለፍተሻው በአካባቢው ካሉ ዩኒቨርሲቲዎች የምህንድስና ክፍሎች ጋር መተባበር ይቻላል።

የወጪውን መጠን ለመገመት፣ 100 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ በ8 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ማንጠፍ 48 ሜትር ኩብ ኮንክሪት፣ ማለትም 192 ኩንታል ሲሚንቶ ይፈልጋል። ብሎኬቱ 10 በ20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቁጥሩ 30 ሺህ ይደርሳል። ከሲሚንቶው 10 በመቶውን በአመድ መተካት ከተቻለ 19 ኩንታል ያህል ይቆጠባል። የተፈጨ ፍርስራሽ በአንጻሩ የሚተካው ጠጠርን በመሆኑ ዋናው ጥቅሙ በጠጠር ግዢና በፍርስራሽ ማስወገጃ ወጪ ላይ የሚታይ ነው።

ጥሩ ብሎኬት በመጥፎ መሠረት ላይ ከተነጠፈ ዋጋ የለውም። የመንገዱ አፈር በሮለር ከተጠቀጠቀ በኋላ ገረጋንቲ ይደለደላል፤ ከላዩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ይነጠፋል። ግራና ቀኙ በጠርዝ ድንጋይ መታሰር፣ የዝናብ ውሃ ወደ ቦይ እንዲወርድም 2 በመቶ ያህል ተዳፋት መሰጠት አለበት። ተሽከርካሪ በሚያልፍበት መንገድ የዓሣ አጥንት አደራደር ብሎኬቶቹ እንዳይንሸራተቱ ይረዳል።

በመሆኑም የከተማ አስተዳደሮችና የግዢ ክፍሎች የጨረታ ሰነድ ሲያዘጋጁ ዝቅተኛ ዋጋን ብቻ ሳይሆን የ28 ቀን የፍተሻ ውጤትን የርክክብ ቅድመ ሁኔታ ሊያደርጉ ይገባል። ለተደራጁ ወጣቶች የሚሰጠው ሥልጠናም የፍርስራሽ ልየታን፣ የውሃ መጠን ቁጥጥርንና ብሎኬትን በእርጥበት የማቆየት ሥራን ማካተት ይኖርበታል። አንድ ከተማ ሥራውን በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ወይም በአጭር የእግረኛ መንገድ ጀምሮ ቢያንስ አንድ ክረምት ቢፈትነው፣ ወደ ተሽከርካሪ መንገድ የሚሸጋገረው በተረጋገጠ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ይሆናል።