ቃላቱን የሰበሰበችው አስቴር

ወገኖቼ፣ ስለ ኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነሳ የስዊድን ሚሲዮናውያንን እናስቀድማለን። እውነት ነው፣ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ትምህርት ቤቱን የከፈቱት እነሱ ናቸው። ቋንቋውን ይዘው የመጡት ግን ለባርነት ተሸጠው ከአገራቸው የወጡ ልጆች ነበሩ።

ኦነሲሞስ ነሲብ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው በ1870 ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው)። ወንጌልን ይዞ ወደ ወገኖቹ ለመግባት ሞከረ። አንዴ በሱዳን ዞሮ አሶሳ ድረስ ዘለቀ፤ አልሆነም። መንገዱ ሲዘጋበት መተርጎም ያዘ። ነገር ግን ከቀዬው የተወሰደው በልጅነቱ ስለነበር ኦሮምኛው አልበቃውም።

አስቴር ጋኖ የደረሰችለት እዚህ ላይ ነው። በ1886 ጣልያኖች ወደ የመን ለሽያጭ ስትወሰድ ከመርከብ ያስጣሏት ልጅ ናት። አሥራ አምስት ሺህ ያህል ቃላት ሰበሰበች። ተረቱን፣ ዘፈኑን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። በ1904 ነቀምት ሲገቡ መጽሐፉ በእጃቸው ነበር። የሚወደሰው ግን ኦነሲሞስ ብቻ ነው፤ ይህ ያናድደኛል።

እዚህ የማስተምራቸው ልጆቻችን በስዋሂሊ ይቀልዳሉ፤ የአያታቸውን ተረት ግን አያውቁም። እናቶች፣ የምታውቁትን ተረት በስልክ ቅዱና ላኩልኝ። ክፍል ውስጥ እያዳመጥን እንጽፈዋለን፤ ከየትኛውም ቋንቋችን ይሁን።