አንድ ስሌት፣ ሦስት አገር፦ በአሮጌ ሌንስ ቀለበት ላይ የተጻፈው ታሪክ

አንድ አሮጌ የካሜራ ሌንስ እጃችሁ ቢገባ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? ብዙ ሰው መስታወቱ መጫሩን ወይም ሻጋታ መያዙን ነው የሚያየው። ልክ ነው። ግን እስኪ ቀስ ብላችሁ መስታወቱን የከበበውን ቀለበት አንብቡት። ስም አለ፤ እንደ 2/58 ያሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ረዘም ያለ መለያ ቁጥር አለ፤ አንዳንዴም ትንሽ ምልክት ወይም የአገር ስም አለ። እነዚህን ማንበብ የቻለ ሰው ሌንሱ የት፣ መቼና በማን እንደተሠራ መገመት ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ የማን ጦር የማንን ፋብሪካ ነቅሎ እንደሄደም ይገባዋል።

የምናወራው በእጅ እያዞርን ፎከስ ስለምናደርጋቸው፣ ሞተርም ኮምፒውተርም ስለሌላቸው ሌንሶች ነው። ምሳሌያችን ሶቪየት ኅብረት ውስጥ በሚሊዮኖች የተመረተው ሄሊዮስ-44 ይሁን። ይሄ ሌንስ ዛሬም በርካሽ ይገኛል፤ ሰብሳቢዎችም ይወዱታል። የዘር ሐረጉን ወደኋላ ስንቆጥር ግን የምንደርሰው ሞስኮ ሳይሆን ዬና የምትባል የጀርመን ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሙከራ ወደ ስሌት

ካርል ዛይስ የሚባል መካኒክ በ1846 ዬና ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ። ዋና ሥራው ማይክሮስኮፕ ሆነ። በዚያ ዘመን ጥሩ ሌንስ የሚገኘው በሙከራ ነበር፤ ባለሙያው መስታወቱን ይሞርዳል፣ ያያል፣ ካልሆነለት ሌላ ይሞክራል። ወጥ እየቀመሱ ጨው እንደመጨመር ማለት ነው። እጁ የለመደ ሰው ያጣፍጠዋል፤ ነገር ግን ለምን እንደጣፈጠ መናገር አይችልም።

ዛይስ ይሄ አልተዋጠለትም። በ1866 ኤርነስት አቤ የተባለ ወጣት የፊዚክስ ምሁር ከዬና ዩኒቨርሲቲ አምጥቶ አብሮት እንዲሠራ አደረገ። አቤ ሥራውን ወደ ስሌት ቀየረው፤ ከአሁን በኋላ መስታወቱ ከመሞረዱ በፊት ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ በወረቀት ላይ ይታወቃል። ቀጥሎ ሌላ ችግር መጣ፤ ስሌቱ የሚጠይቀው ዓይነት መስታወት ገበያ ላይ አልነበረም። ስለዚህ በ1884 ኦቶ ሾት የተባለ የመስታወት ኬሚስት እዚያው ዬና ውስጥ ከእነሱ ጋር ሆኖ የመስታወት ላቦራቶሪ አቋቋመ። ዛሬም ዓለም የሚያውቀው የሾት ኩባንያ መነሻው ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በኋላ ይጠቅመናል። ዛይስ በ1888 ካረፈ በኋላ አቤ ፋብሪካውን ለራሱ አላስቀረውም። በ1889 በዛይስ ስም ፋውንዴሽን አቋቋመ፤ የፋብሪካው ባለቤትነትም ወደ ፋውንዴሽኑ ተዛወረ። በ1900 ደግሞ ሠራተኞቹ በቀን 8 ሰዓት ብቻ እንዲሠሩ ተደረገ፤ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ንብረቱ የአንድ ቤተሰብ ሳይሆን የፋውንዴሽን፣ ፋውንዴሽኑም የዬና ነው። ታዲያ ዬና ራሷ ከአገሪቱ ጋር ስትቆረስ ስሙ የማን ይሆናል?

የ4 በመቶው ጣጣ

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ትንሽ ሒሳብ። ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ሲገባ ወይም ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ 4 በመቶ ገደማው ተንጸባርቆ ይመለሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በየገጹ እየተባዛ ይሄዳል።

ዛይስ ቤት ይሠራ የነበረው ፓውል ሩዶልፍ በ1896 ፕላናር የተባለውን ሌንስ ነደፈ። ስድስት መስታወቶች በአራት ቡድን ተደርድረውበታል። አራት ቡድን ማለት አየር የሚነካቸው ስምንት ገጾች ማለት ነው። 0.96ን ስምንት ጊዜ ብታባዙት 0.72 ይመጣል። 28 በመቶው ብርሃን መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ የተመለሰው ብርሃን ሌንሱ ውስጥ እየተንገዋለለ ፎቶውን ያደበዝዘዋል። በዚህ የተነሳ ጎበዝ ንድፍ የነበረው ፕላናር ለብዙ ዓመት የሚገባውን ቦታ አላገኘም። ያው ሩዶልፍ በ1902 ያቀረበው ቴሳር ግን አራት መስታወቶችን በሦስት ቡድን ብቻ ይዞ ገበያውን አጥለቀለቀው። ስሙ ራሱ በግሪክኛ አራት ከሚለው ቃል የመጣ ነው። በ1930ዎቹ ሉድቪክ ቤርተለ የነደፈው ዞናርም ይህንኑ ብልሃት ነው የተጠቀመው፤ መስታወቶቹን አጣብቆ አየር የሚነካቸውን ገጾች ስድስት ላይ አቆማቸው።

ችግሩን ከሥሩ የነካው አሌክሳንደር ስማኩላ ነው። ይህ ዩክሬናዊ ተወላጅ የፊዚክስ ባለሙያ ዛይስ ቤት ሆኖ በ1935 መስታወትን እጅግ በሳሳ ንጣፍ የመቀባት ዘዴ አስመዘገበ። ከንጣፉ ላይኛው ገጽ የሚመለሰውና ከታችኛው ገጽ የሚመለሰው ብርሃን እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ኪሳራው በየገጹ ወደ 1 በመቶ ወረደ እንበል፤ 0.99ን ስምንት ጊዜ ስታባዙት 0.92 ይመጣል። በቃ፣ የፕላናር ቤተሰብ ከሞት ተነሳ! ጥቅሙ ለጦር መሣሪያ መነጽርም ስለነበር ዘዴው ወታደራዊ ምስጢር ሆነ። የፕላናር የልጅ ልጅ የሚባለውን ቢዮታር፣ 58 ሚሊ ሜትሩን፣ ቪሊ ሜርቴ የነደፈውም በዚያው በ1930ዎቹ ነው። ስሙን ያዙት።

1945፦ አእምሮው ወደ ምዕራብ፣ ማሽኑ ወደ ምሥራቅ

በሚያዝያ 1945 ዬና የገባው የአሜሪካ ጦር ነበር። ነገር ግን ኃያላኑ አስቀድመው ካርታ ላይ መስመር አስምረዋል፤ ዬና ያለችበት ቱሪንገን ለሶቪየት ነው የተመደበው። አሜሪካኖቹ ከተማዋን ለቀው ሲወጡ ከዛይስና ከሾት የተመረጡ ከመቶ በላይ ኃላፊዎችንና ባለሙያዎችን ከነቤተሰባቸው ይዘው ሄዱ። አብዛኞቹ ይህን ጉዞ መርጠውት አይደለም። እነዚህ ሰዎች በ1946 በደቡብ ጀርመን ኦበርኮኸን በምትባል መንደር አዲስ ፋብሪካ ጀመሩ። ስማኩላ ደግሞ ወደ አሜሪካ ተወስዶ ኋላ ላይ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም መምህር ሆነ።

ሶቪየቶች በተራቸው በጥቅምት 1946 በአንድ ጊዜ ባለሙያዎችን ከየቤታቸው ሰብስበው በባቡር ወደ ሶቪየት ኅብረት ላኩ። የዬና ፋብሪካ ማሽኖችም በአብዛኛው ተነቅለው እንደ ጦር ካሳ ተጫኑ። እስኪ አስቡት፤ ጎረቤታችሁ ምዕራብ ተወስዷል፣ አለቃችሁ ምሥራቅ ተወስዷል፣ እናንተ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቀርታችኋል። ዬና የቀሩት ሠራተኞች ከዚህ ተነስተው ነው ፋብሪካውን እንደገና ያቆሙት።

የተጫነው ማሽንና ንድፍ የት ደረሰ? የኮንታክስ ካሜራ ማምረቻ ኪየቭ ወደሚገኘው አርሰናል ፋብሪካ ሄዶ «ኪየቭ» የተባለው ካሜራ ተወለደ። ዞናር ክራስኖጎርስክ ገብቶ ስሙ «ዩፒተር» ሆነ፤ መጀመሪያ ከጀርመን በመጣ መስታወት ይሠራ ነበር፣ በኋላ ስሌቱ ለሶቪየት መስታወት ተስተካከለ። 58 ሚሊ ሜትሩ ቢዮታር ደግሞ «ሄሊዮስ-44» ተባለና ዜኒት ካሜራ ላይ ተገጠመ። እንግዲህ እጃችሁ ላይ ያለው ርካሽ የሩሲያ ሌንስ ውስጡ የሜርቴ ስሌት፣ ከሜርቴም በፊት የሩዶልፍ ሐሳብ አለበት።

ስሙ የማን ነው?

በ1948 የዬናው ፋብሪካ የመንግሥት ንብረት ሆነ። ኦበርኮኸን ያሉት «ፋውንዴሽኑ ወደ ምዕራብ ተዛውሯል፣ ስሙ የእኛ ነው» አሉ። ዬና ያሉት «ከ1846 ጀምሮ እዚሁ ነን፣ ወዴት ነው የተዛወረው?» አሉ። ክርክሩ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከጀርመን አልፎ ለንደንና ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ድረስ ዘለቀ። በ1971 ለንደን ላይ ማን የትኛው ገበያ ውስጥ በየትኛው ስም እንደሚሸጥ ተስማሙ።

ይሄ ሁሉ ክስ ቀለበቱ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ዬና የተሠራ ሌንስ ለምዕራብ ገበያ ሲላክ ብዙ ጊዜ የዛይስ ስም ይወጣና «ከዬና» የሚል የጀርመንኛ ጽሑፍ ብቻ ይቀራል፤ ቴሳር፣ ቢዮታርና ዞናር የሚሉት ስሞችም ወደ አንድ ፊደል ያጥራሉ። በተቃራኒው የኦበርኮኸኑ ዕቃ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ «ኦፕቶን» ይባላል። ስለዚህ የዛይስ ስም የሌለበት የዬና ሌንስ ስታገኙ «አስመስለው የሠሩት ነው» ብላችሁ አትጣሉት። ያው እጅ የሠራው ነው፤ ስሙን የወሰደበት ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱ ፋብሪካዎች መልሰው አንድ የሆኑት ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ፣ በ1991 ነው።

እስኪ አብረን እንለይ

አሁን ሌንሱን አንሱት።

አንደኛ፣ ሁለቱን ቁጥሮች እዩ። 2/58 ማለት የትኩረት ርቀቱ 58 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ስፋቱ 58 ለ2 ሲካፈል፣ ማለትም 29 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በማስመሪያ ገመት አድርጋችሁ አረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ መለያ ቁጥሩን እዩ። በአብዛኞቹ የሶቪየት ሌንሶች የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረተበትን ዓመት ይናገራሉ፤ በ77 የሚጀምር ከሆነ 1977 ማለት ነው። አጠገቡ ብርሃን የሚያልፍበት ፕሪዝም ምልክት ካለ ፋብሪካው ክራስኖጎርስክ ነው። በሩሲያ ፊደል የተጻፈ «ፔ» የተቀባ መስታወት መሆኑን ይናገራል፤ የድሮው የጀርመን ቀይ «ቴ»ም እንደዚያው።

ሦስተኛ፣ ጥርሱን ለኩ። ብዙዎቹ ሌንሶች 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጥርስ እንደ ብሎን ተጠምዝዘው ነው የሚገቡት። ይህ ልክ ድሬስደን ከተሠራው የ1949ኙ ኮንታክስ ኤስ ጋር ነው የታወቀው፤ ከዚያ ሶቪየቶችም ጃፓኖችም ተጠቀሙበት። እንዲህ ያለው ሌንስ ከፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። የዛሬዎቹ መስታወት አልባ የሶኒ ካሜራዎች ርቀት 18 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 27.46 ነው፤ አዳፕተር የምንለው ቀለበት ይህንኑ ክፍተት የሚሞላ ባዶ ቱቦ ነው። የድሮው የኒኮን ርቀት ግን 46.5 ስለሆነ ከሌንሱ ፍላጎት ይበልጣል፤ ባዶ ቱቦ ብታስገቡበት ሩቅ ያለው ነገር ፎከስ ውስጥ አይገባም።

አራተኛና ዋናው፣ ነጸብራቅ ቁጠሩ። የስልካችሁን መብራት ከፊት አብሩና ሌንሱን ትንሽ አዘንብሉት። አየር የሚነካው እያንዳንዱ ገጽ አንድ ደማቅ ነጥብ ይሰጣል፤ የተጣበቁ መስታወቶች መገናኛ ግን ደብዛዛ ነጥብ ነው ያለው። ቴሳር ስድስት ደማቅና አንድ ደብዛዛ አለው። ሄሊዮስ-44 እና ቢዮታር ስምንት ደማቅና ሁለት ደብዛዛ አላቸው። 2/50 የሆነው ዞናርና የእሱ ግልባጭ ዩፒተር-8 ስድስት ደማቅና ሦስት ደብዛዛ ናቸው።

ይሄ ቆጠራ ሐሰተኛ ጽሑፍን ለማጋለጥ ይረዳል፤ ቀለበቱ ቴሳር እያለ ስምንት ደማቅ ነጥብ ካያችሁ አንዱ ውሸታም ነው፣ ፊዚክሱ ደግሞ አይዋሽም። ነገር ግን ወሰኑንም እወቁት። አንዳንድ ነጋዴዎች የዩፒተርን ቀለበት ፍቀው የዛይስ ዞናር ብለው እየቀረጹ በውድ ይሸጣሉ። እዚህ ላይ ነጸብራቁ አያድናችሁም፤ ንድፉ አንድ ነውና። ያን ጊዜ የምትመረምሩት የፊደሉን አቀራረጽ፣ የመለያ ቁጥሩን አካሄድና የብረቱን አሠራር ነው። እጅግ የረከሰ «ዞናር» ካጋጠማችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ።

እንግዲህ ይሄን ካወቃችሁ የዋጋ ነገርም ሌላ መልክ ይይዛል። ገበያው የሚከፍለው ለስም ነው። ስሙን ግን የሰጡትም የነጠቁትም ጄኔራሎችና ዳኞች ናቸው። መስታወቱን የሞረዱት፣ ከባዶ አዳራሽ ተነስተው ማሽን የተከሉት፣ ኪየቭና ክራስኖጎርስክ ተቀምጠው የሌላውን አገር ስሌት ለራሳቸው መስታወት ያስተካከሉት ሰዎች ስም ቀለበቱ ላይ የለም። ሥራቸው ግን እዚያው አለ፤ መብራት አብርታችሁ ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። ቤታችሁ ወይም ጎረቤት ዘንድ አቧራ የለበሰ ካሜራ ካለ ዛሬ ማታ አስፈቅዱና ሞክሩት።