ስድስት ሰዎች በአርባ ሁለት ደቂቃ፦ አንድን ድርብ አልበም እንደ ታሪክ ሰነድ ማድመጥ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ጉባኤ እንግዳ መሆኑን ዐውቃለሁ። የምናገረው ስለ ሮክ አልበም፣ ያውም ከሮክ ወገን እጅግ ጯኺ ስለሆነው ስለ ሜታል ነው። ድሪም ቲያትር የተባለው የአሜሪካ ባንድ «ሲክስ ዲግሪስ ኦፍ ኢነር ተርቢውለንስ» የተሰኘውን ባለ ሁለት ዲስክ ሥራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 29 ቀን 2002 አወጣ። የሕመምን ታሪክ የሚያጠና ሰው ይህን አልበም እንደ ሰነድ ሊመረምረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ባንዱ በ1985 በቦስተን፣ በበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ በሚማሩ ሦስት ወጣቶች ተመሠረተ። ፕሮግረሲቭ ሜታል የሚባለው ስልት የሜታልን ጉልበት በየክፍሉ ከተዋቀረ ረጅም ድርሰት ጋር ያጣምራል። ድርብ አልበም ግን ከስልቱ ይቀድማል፤ ዘ ሁ በ1969፣ ፒንክ ፍሎይድ በ1979 አንድ ሙሉ ታሪክ ተርከውበታል። የሸክላ አንድ ገጽ ከሃያ ደቂቃ ብዙም አያልፍምና ያን ጊዜ ሁለት ሸክላ የግድ ነበር። ሲዲ እስከ 80 ደቂቃ ይይዛል፤ ይህ ሥራ ከ96 ደቂቃ በላይ ሆኖ ከዚያም ተረፈ።

የመጀመሪያው ዲስክ አምስት ዘፈኖች አሉት። መክፈቻውን የጻፈው ከበሮ መቺው ማይክ ፖርትኖይ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ራሱ የመጠጥ ሱስ ነው። አልኮል ለማቆም በሚሰባሰቡ ሰዎች ዘንድ ከሚታወቁት ዐሥራ ሁለት ደረጃዎች ሦስቱን ይዞ ጀመረ፤ የቀሩትን በተከታታይ አልበሞች እስከ 2009 ድረስ ፈጸመ።

ሁለተኛው ዲስክ በስምንት ክፍል የተከፈለ አንድ የ42 ደቂቃ ድርሰት ነው። በጁሊያርድ የተማረው ጆርዳን ሩዴስ በኪቦርድ ያቀናበረው መግቢያ እንደ ኦፔራ መግቢያ ኋላ የሚመጡትን ዜማዎች አስቀድሞ ያሰማል። ከዚያ ስድስት ሰዎች በየተራ ይቀርባሉ፦ ስሜቷ ከጣራ በላይ ወጥቶ ተመልሶ የሚሰበር ሴት፣ ጦርነቱ በጭንቅላቱ ውስጥ ያላበቃለት የቬትናም ዘማች፣ በስኪዞፍሬኒያ የሚሠቃይ ወጣት፣ ከወሊድ በኋላ ድባቴ የያዛት እናት፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ፣ በመጨረሻም ማንነቷ የተከፋፈለባት ሴት።

ዘማቹን ልብ በሉ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የዚህን ሰው ሕመም በመዝገቡ ያሰፈረው በ1980 ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ከአምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል፤ ይጮኻል፣ ይቋረጣል። የእናቲቱ ክፍል ግን እሹሩሩ መስሎ በዝግታ ይጀምራል፤ አድማጩ ነገሩ ልክ አለመሆኑን የሚረዳው ዘግይቶ ነው። ከአልበሙ ሁሉ ይህን ክፍል አስበልጣለሁ።

ይህን ስሰማ የራሳችን ቋንቋ ይታወሰኛል። በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ጨርቁን ጣለ» እንላለን፤ ዘማቹም፣ እናቲቱም፣ ወጣቱም በዚያች አንዲት ሐረግ ይጠቃለላሉ። የአልበሙ ድፍረት ስድስቱን አለማምታታቱ ነው። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፍጥነትና የድምፅ ቀለም ሰጥቷቸዋል፤ ለልጁ፣ ለምሳሌ፣ ጊታሩ ለስልሶ ነው የሚጫወተው።

እንከን የለውም አልልም። ስኪዞፍሬኒያን የሚመለከተው ክፍል የጣት ፍጥነት ማሳያ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ በሽተኛው በሙዚቀኞቹ ችሎታ ሥር ይጠፋል። ኦቲዝምን ከሕመሞች ተርታ ማሰለፉንም ዛሬ ብዙዎች ይቃወሙታል፤ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ሰነድ የዘመኑን ስሕተት ጭምር ስለሚይዝ ነው ሰነድ የሚሆነው። ደግሞም ስለ ስድስት ባዕዳን ከመዘመሩ በፊት ባንዱ በመጀመሪያው ዲስክ የራሱን አባል ሕመም ማስቀደሙን አንርሳ። ከማማ ላይ ሆኖ ቁልቁል አላያቸውም።

ድርሰቱ የሚያልቀው ቀስ እያለ በሚከስም አንድ ረጅም ድምፅ ነው። በ2003 የወጣው ተከታዩ አልበም ያንኑ ድምፅ ተቀብሎ ይጀምራል። በኪቦርድ የተሠራው ያ መግቢያም ኤፕሪል 1 ቀን 2006 በኒው ዮርክ ሬዲዮ ሲቲ አዳራሽ ከሙሉ ድርሰቱ ጋር በእውነተኛ ኦርኬስትራ ተሰማ።